ጋሽ ጥላዬና የተበተነችው መቅደስ

ጋሽ ጥላዬ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማለዳ ዐረፉ። መርዶውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ በለጥሻቸው ራሳቸው ናቸው። ስልክ ደውለው፣ «ያ ሰውዬ ሄደ እኮ» አሉኝ። እኔም «የት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሞኝነቴን ይቅር በሉኝ፤ ጋሽ ጥላዬ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ የሚሄዱ ሰው ስለነበሩ ነው። እትዬ በለጥሻቸው መጀመሪያ ሳቅ አመለጣቸው፤ እንባው ኋላ መጣ። «አይ ልጄ፣ የዛሬውስ ድንጋይ ፍለጋ አይደለም» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በአንኮበርና በዙሪያዋ፣ በመዘዞ፣ ቆላ ወርዶ በአሊዩ አምባም ጭምር ግድግዳችሁን ያቃኑላችሁ ብዙ ናችሁ። ለማታውቋቸው ደግሞ ልንገራችሁ፤ ጋሽ ጥላዬ ግንበኛ ነበሩ። ሰማንያ ዓመት እንዳለፋቸው እርግጥ ነው፤ ስንት እንዳለፋቸው ሲጠየቁ ግን «ድንጋይ ማንሳት ያቃተኝ ቀን ቁጠሩልኝ» ይሉ ነበር። አጭር ናቸው፣ ደረታቸው ሰፊ ነው፤ ጋቢያቸው ታጥቦ ቢመጣም የድንጋይ ብናኝ አያጣውም። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቀነቃል። ከሩቅ ያየ ሰው እያለቀሱ ይመስለውና ሊያጽናና ይመጣል።

እኔ ደብረ ብርሃን የምኖር፣ እየዞርኩ ቅርስ የምመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከጋሽ ጥላዬ ጋር የተዋወቅነው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ከአንኮበር ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች አንዲት የፈረሰች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ልመዘግብ ሄጄ ነው። በእኛ ቢሮ ቋንቋ «የመካከለኛው ዘመን» ትባላለች፤ በጋሽ ጥላዬ ቋንቋ «የድሮ»። ለመንገዱ የማይሆን ጫማ አድርጌ ነበርና እዚያ ስደርስ አንዱ ተረከዝ ወልቆ ቀርቷል። ጋሽ ጥላዬ ከግንቡ ጀርባ ብቅ ብለው ፊቴን ሳይሆን እግሬን አዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ከመንግሥት የመጣ ሰው ሲያነክስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ጊዜ የሚያነክሰው ሥራው ነው።» ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ።

ቦታዋ እንዲህ ናት። ያረጁ ጽዶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሀላቸው ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ጣራ የለ፣ ጉልላት የለ። ስፋቷ ከአንድ ገበሬ ቤት አይበልጥም። በምዕራብ በኩል ብቻ ሁለት የበር መቃኖች በሰው ቁመት ልክ ቆመዋል፤ በላያቸው የሚጋደመው ጉበን ግን አልነበረም። ከጀርባዋ መሬቱ ያልቅና ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ጉም ነው። ሽማግሌዎች የኪዳነ ምሕረት ነበረች ይላሉ።

የያዝኩት ቅጽ ላይ «የቅርሱ ይዞታ» የሚል ጥያቄ አለ፤ ምርጫው ሦስት ነው፤ ደህና፣ መካከለኛ፣ የፈረሰ። «የፈረሰ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ፈርሷል አትበይ።»

«ታዲያ ምን ልበል አባባ?»

«ተበትኗል በይ። የፈረሰ ነገር አልቆለታል። የተበተነ ግን ይሰበሰባል።»

ሦስቱንም ትቼ በጎን በኩል በእጄ «የተበተነ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ከአለቃዬ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ በሦስተኛው እሱም ደከመውና ፈረመ።

ቀጥሎ የጠየቅኋቸው እንዴት እንደፈረሰች፣ ይቅርታ፣ እንዴት እንደተበተነች ነበር። ጋሽ ጥላዬ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለዳኛ ቃል እንደሚሰጥ ሰው ተናገሩ። «መጀመሪያ ማን እንዳፈረሳት አላውቅም። አንዱ ጦር ነው ይላል፣ ሌላው የምድር መንቀጥቀጥ ነው ይላል። ሁለተኛ ያፈረስኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን ጻፊልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጥላዬ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ ሙያውን ከአባታቸው ተቀብለው ገና ብቻቸውን መሥራት እንደ ጀመሩ፣ ቀጋና እንዶድ ውጦት ክምር የመሰለ የድንጋይ ግድግዳ አገኙ። ሥሩን ገለጥ ሲያደርጉት ሁሉም ጥርብ ነው፤ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የለሰለሰ። በአገራችን ያረጁ ጽዶች ክብ ሠርተው ከቆሙ መሀላቸው የታቦት ማደሪያ እንደነበረ የማያውቅ ሰው የለም፤ መንገደኛ እንኳ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። ጋሽ ጥላዬም ይህን ያውቁ ነበር። «ጽዱንማ አየሁት» ይሉ ነበር። «ድንጋዩ ሲያስጎመጀኝ ግን ጽዱን እንዳላየሁ ሆንኩ። ልጅ ስለሆንኩ አላወቅሁም ብዬ አልዋሽሽም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክምር እየወሰዱ ሠሩ። የአንዱን የቤት መሠረት፣ የሌላውን የወፍጮ ቤት፣ የአንድ ባለጸጋ ገበሬ የበጎች ጉረኖ። ጎረቤቱ ሁሉ «ይኼ ልጅ ከየት ነው እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያወጣው?» እያለ ያደንቃል፤ እሳቸውም ዝም ነው። ከዚያ በአንድ ከባድ ክረምት የጉረኖው ግድግዳ ተናደ። ሊጠግኑ ሲሄዱ ዝናቡ ድንጋዮቹን አጥቦ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙሮ አስተኝቷቸዋል። ወደ ውስጥ ዞሮ የነበረው፣ አሁን ጭቃው የታጠበለት ፊት ላይ፣ መስቀል ተቀርጿል። ቀጥሎ ያለውም ላይ እንደዚያው። ጋሽ ጥላዬ በጉረኖው ጭቃ ላይ ተንበረከኩ። የበጎቹ ባለቤት መጥቶ መስቀሎቹን አየና «እኔስ በጎቼ ምነው እንዲህ ጨዋ ሆኑ እል ነበር!» አለ።

ይህን ሲነግሩኝ እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን እንዳልሳቁ እትዬ በለጥሻቸው ነግረውኛል። አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ባላቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው መጥተው፣ «በለጥሻቸው፣ ያገባሽው ሌባ ነው» አሏቸው። እትዬ በለጥሻቸውም «የሰረቅኸው ያለበትን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁ። «አንድ ባንድ አውቀዋለሁ።» «እንግዲያው ምን ትተክዛለህ፤ መልሰዋ!»

መልሰውም አላበቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መለሱ። አሠራራቸው ይህ ነበር። ድንጋዩ ካለበት ቤት ይሄዱና ጥፋታቸውን ይናገራሉ። ባለቤቱ በራሱ አፍ «ውሰድ» እስኪል አይነኩትም። ሲፈቀድላቸው ልኩን ይለኩና ከራሳቸው የድንጋይ ማውጫ አዲስ ድንጋይ ጠርበው ያመጣሉ። አሮጌውን ያወጣሉ፣ አዲሱን ያስገባሉ፣ ቤቱ ምንም አይጎድልበትም። ከዚያ አሮጌውን ወደ ጽዶቹ ወስደው ካነሱበት ቦታ ያኖሩታል፤ የትኛውን ከየት እንዳነሱ አልረሱም። ከዚያ ያለፈ አንዲት ጠጠር አይጨምሩም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ግድግዳውን ለምን ከፍ አድርገው እንደማይጨርሱት ጠየቋቸው። «እኔ አልሠራም፤ እመልሳለሁ» አሏቸው። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በመንገድ ላይ አንዱ፣ እኛ በትምህርት ያገኘነውን ይህ ሰው ከየት አመጣው እያለ ሲገረም ሰማሁት።

የመቅደሷን ድንጋይ ከሌላው የሚለዩት በጠረባው ነበር። የመሮው ምት ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ስለዚህ የድሮው ጠራቢ በግራ እጁ የሚሠራ ሰው መሆኑን አወቁ፤ ያን ሰው ሲያነሱ «ባልደረባዬ» ነው የሚሉት። «ባልደረባዬ እዚህ ጋ ደክሞት ነበር፣ ይኼው ምቱ ቀለል ብሏል» ይላሉ። «እዚህ ጋ ደግሞ የሚያየው ሰው መጥቶበታል፤ አምሮለታል።» ሲሚንቶን አምርረው ይጠሉ ነበር። ሲሚንቶ የተለሰነበት ግንብ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው እንደታነቀ ሰው ያስላሉ። ይህን አንድ ጊዜ የሕንፃ ተቋራጭ ፊት አድርገውት በጣም አፍሬያለሁ።

አንድ ድንጋይ ሊያወጡ የገቡበትን ቤት ደግሞ እንዲሁ ትተው አይወጡም። የዘመመውን ያቃናሉ፣ የተቦረቦረውን ይሞላሉ። ይህ ነገር ሲታወቅ ሰዉ ብልሃት ዘየደ። «ጋሽ ጥላዬ፣ ይቺ ድንጋይ የመቅደሷ አይደለችም ይላሉ?» እያለ የሚጠራቸው በዛ። ከሁሉ የማልረሳት በመዘዞ መንገድ ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የጓዳዋ ግድግዳ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፤ ከግድግዳው መሀል አንዱን ድንጋይ በከሰል መስቀል ሥላበት ጠበቀችን። ጋሽ ጥላዬ ድንጋዩን ዳሰሱ፣ ከሰሉ ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ «አይ፣ ይኼስ መመርመር አለበት። ግድግዳው በሙሉ ወርዶ ነው የሚታየው» አሉ። ሦስት ቀን ሠርተው አዲስ ግድግዳ አቆሙላት። ስንመለስ እንዳወቁባት ለምን እንዳልነገሯት ጠየቅኋቸው። «መስቀሉን አሳምራ ነው የሣለችው» አሉኝ። ይህን የመሰለ ሰው ነው ያጣነው።

እኔ ስተዋወቃቸው ያልተመለሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ፣ የሐጂ ኑሩ ሱቅ ደፍ ሆኖ ተቀምጧል። ሱቁን ለሐጂ አባት የሠሩት ጋሽ ጥላዬ ናቸው፤ ባለሱቁ የደጋ ድንጋይ ካልሆነ አልፈልግም ስላሉ በአህያ ጭነው አወረዱላቸው። ሐጂ ኑሩን ለመጠየቅ ዓመት ከዓመት ይፈሩ ነበር። አንድ የገበያ ቀን እኔ አብሬ እንደምወርድ ስነግራቸው ተነሡ።

ሐጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ከደፉ ላይ ዘለው ወረዱ። በዚያ ዕድሜ ሰው እንዲህ ሲዘል አይቼ አላውቅም።

«ጥላዬ! ወላሂ አርባ ዓመት ረግጬዋለሁ! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልከኝ?»

«ፈርቼ ነው ሐጂ።»

«ምን ፈራህ?»

«እምቢ ይሉኛል ብዬ።»

ሐጂ ኑሩ በዚህ ተቀየሙ። «የአምላክ ቤት ድንጋይ ነው ብለህ መጥተህ እኔ እምቢ የምል ሰው ነኝ? ውሰድ! አሁኑኑ ውሰድ!» አሉና በሞቀ ገበያ መሀል ሱቃቸውን ዘጉ። የገዛ አህያቸውን አስጫኑ። አህያዋ ዳገቱን ስትወጣ እሳቸውም ከኋላዋ ወጡ፤ ሁለት ጊዜ አረፍ አሉ፣ ተመለሱ ቢባሉ እምቢ አሉ። ድንጋዩ ሲነሣ «ቢስሚላህ» ብለው አንዱን ጫፍ ያዙ። ቦታው ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል አገራቸውን እያዩ፣ «ማሻአላህ፣ ቦታውስ ዱዓ የሚደረግበት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከቆላ ሎሚ፣ ከደጋ ገብስ ሲመላለስ ኖረ።

የቀረው አንድ ብቻ ሆነ፤ የመቅደሷ ጉበን። ይህን ረጅም ድንጋይ ጋሽ ጥላዬ በዚያው በወጣትነታቸው ወስደው የአጥቢያቸው የቅዱስ ሚካኤል ደጀ ሰላም በር ላይ አጋድመውታል። ያን በር የማያደንቅ ሰው አልነበረም። አስተዳዳሪው መምሬ ኃይለ ማርያም የጋሽ ጥላዬ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው የሚበሉ። ሌላው ሁሉ «ውሰድ» ሲል እሳቸው ብቻ አላሉም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሽ ጥላዬ እንደ ልማዳቸው መቅደሷ ጋ ሲዘገዩ ቆይተው ለቅዳሴው ማርፈዳቸውን መምሬ ከገሠጿቸው በኋላ፣ ክርክሩ ይጀመራል።

«መምሬ፣ ጉበኑን?»

«የማንን ጉበን?»

«የኪዳነ ምሕረትን።»

«እመቤታችን ራሷ መጥታ ብትጠይቀኝ አስረክባለሁ። ለአንተ አልሰጥም።»

«እኔ መልእክተኛዋ ነኝ።»

«መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ ነው የሚመጣ።»

ምእመናኑ ይህን ለመስማት ቆመው ይጠብቃሉ። መምሬ ሲላቸው «ከእግዚአብሔር ቤት ወደ እግዚአብሔር ቤት የሄደ ድንጋይ አልተሰረቀም» ይላሉ፤ ሲላቸው «በሩ ይናዳል» ይላሉ። ጋሽ ጥላዬም «የኪዳነ ምሕረትን ዘርፌ ሚካኤልን አስጌጥኩ። እሱስ ቢሆን የእመቤቱን ዕቃ ለብሶ መቆም ደስ ይለዋል?» ይላሉ። ሰዉ ይስቃል። እኔ ግን አንድ ቀን ከሳቁ በኋላ ዓይናቸውን አየሁት፤ ዓይናቸው አልሳቀም። «ከኔ ወዲያ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አሉኝ። «እኔ ስሞት ስርቆቱ ይረሳል። ይረሳል ማለት ደግሞ ጸደቀ ማለት ነው።»

የተመዘገበ ቅርስ አካል ነውና በቢሮዬ ደብዳቤ ላስመልሰው እንደምችል ነገርኳቸው። ማኅተም፣ ቁጥር፣ ግልባጭ፤ ደብዳቤ ላይ ጎበዝ ነኝ። ተቆጡኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተቆጡኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሌላው ሁሉ ተመርቆ ገባ፤ በሩ ተገዶ ይግባ? ተዪው። ወይ በአፉ ይሰጠኛል፣ ወይ ይቀራል።» ከዚያ ለመምሬ እኔም እትዬ በለጥሻቸውም ባለንበት እንዲህ አሏቸው። «እንግዲያው ሬሳዬን በዚህ በር አታስገቡት። በሰረቅሁት ድንጋይ ሥር ተንጋልዬ አላልፍም።»

መምሬ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «እንግዲያው አትሙታ» አሏቸው።

ጋሽ ጥላዬ ታመው አልተኙም። ሰኞ ዕለት ለአንድ ጎረቤት የጉድጓድ አፍ ሲገነቡ ውለው ነበር፤ ማክሰኞ ማለዳ ፊታቸውን ታጥበው፣ ደጃቸው ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ አንዱን እግር አጥልቀው ሌላውን ሳያጠልቁ ሄዱ።

ቀብሩ በማግሥቱ ነበር። የመጣውን ሰው ብዛት ልናገር አልችልም፤ ግድግዳው የተሠራለት ሁሉ መጥቷል። ሐጂ ኑሩም በበቅሎ ወጥተው ነበር። ሬሳው ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ግን ቃሉ በአጥቢያው ተወርቶ ሁሉም ሰምቶታል። አንዱ ከኋላ «በአጥሩ ላይ እናሻግራቸው ይሆን?» አለ። ሌላው «በሕይወታቸው ያልዘለሉትን አጥር!» አለው። መምሬ ኃይለ ማርያም ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ከጉበኑ ሥር ቆመዋል። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ሣጥኑ አዩ። ቀርበው እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አደረጉ።

«ጥላዬ፣ ውሰድ» አሉ። «እመቤታችን ትቀበልህ፤ ሚካኤልም አይቀየምህ። ውሰድ።»

ወደ እትዬ በለጥሻቸው ዞረው፣ «የመጨረሻዋን ብሰጠው ጠዋት ምን ሊያደርግ ይነሣል ብዬ ነው። በእሷ ያቆየሁት መስሎኝ ነው» አሏቸው። ይህን የሰማ ሁሉ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው፤ እኔም አለቀስኩ። እስከ ዛሬ በክርክሩ ስስቅ አንድ ሰው ጓደኛውን በሕይወት ለማቆየት እንደሚታገል አልገባኝም ነበር። ልክ ነበሩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ጋሽ ጥላዬ ያን ጉበን በገዛ እጃቸው ቢያኖሩት ምንኛ ደስ ባላቸው። እትዬ በለጥሻቸው ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «አርፍደዋል መምሬ» አሉ። «ግን እሱም ለቅዳሴዎ ሁልጊዜ እንዳረፈደ ነው፤ ተቻችላችኋል።» ሰዉ በለቅሶ መሀል ሳቀ።

ሣጥኑ ከአንድ ጽድ ሥር አግዳሚ ላይ ዐረፈ። ጋሽ ጥላዬ ሙያ ያስተማሯቸው ግንበኞች ከሐዘንተኛው መሀል እየተነሡ ወጡ፤ ጋቢ ተወልቆ ተጣለ፣ መሰላል መጣ፣ መሮና መዶሻ ከየቤቱ መጣ። አልቃሾቹ ማልቀሱን ትተው ያዝዙ ጀመር። «ቀስ! እግርህን! ከዚያ በኩል ደግፉት!» ሐጂ ኑሩ «ቢስሚላህ በሉና አንሡ!» ይላሉ፤ መምሬ ከሌላው ወገን «በስመ ሥላሴ!» ይላሉ። ጉበኑ ወርዶ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ጋሽ ጥላዬም ክፍት በሆነው በር፣ በላያቸው ሰማይ ብቻ ሆኖ፣ ገቡ።

ጋሽ ጥላዬ ሆይ፣ የቀረውን እርስዎ ስላላዩት እኔ ልንገርዎ። በሣልስትዎ ጉበኑን በስምንት ሰው ሸክም ወደ ጽዶቹ ወሰድነው። መምሬ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላ፣ እትዬ በለጥሻቸው ከጎን እየተቆጡ። ሚካኤል በር ላይ አዲስ ጉበን ከእርስዎ የድንጋይ ማውጫ ተጠርቦ ይጋደማል፤ ሙያ ያስተማሯቸው ልጆች ጀምረውታል። የኪዳነ ምሕረት መቃኖችም ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ጉበናቸውን ተሸከሙ። አሁን መቅደሷ ባለበር ናት። ጣራ ባይኖራትም በበር እንገባለን፣ ተሳልመን እንወጣለን። የሰረቁት አንድም ድንጋይ በሰው ቤት የለም። በነፃነት ይተኙ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። ጉበኑ በስተግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ዘንበል ብሏል። ሦስት ጊዜ አንሥተን ሦስት ጊዜ አስቀመጥነው፤ የእርስዎ ዓይን ያለው ሰው ከመሀላችን አልተገኘም። ካሉበት ሆነው እንደሚያዩት፣ ማየት ብቻም ሳይሆን እንደሚያቅበጠብጥዎ እናውቃለን። ጋሽ ጥላዬ፣ ኧረ በእመቤታችን፣ ይተዉት። አይነሡ።